የአባቴ መድኃኒት ከጅቡቲ

አባቴ የሞተው እኔ ጅቡቲ ውስጥ ስለ አንድ ከበሮ በምጨቃጨቅበት ቀን ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ናዝሬት ተመልሼ ነው። በመካከሉ ባሉት ቀናት አብረውኝ የሄዱት ሁሉ ያውቁ ነበር። መምህሩ ያውቃል፣ ካድሬው ያውቃል፣ ጓደኞቼ ያውቃሉ፣ የባቡሩ ትኬት ቆራጭ እንኳ ያውቃል። እኔ ብቻ አላውቅም። እኔ ደግሞ በእነዚያ ቀናት ስሮጥ የከረምኩት ለእሱ ለራሱ፣ ለአባቴ፣ መድኃኒት ፍለጋ ነበር።

አባቴ ወፍጮ ቤት ነበር የሚሠራው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው እህል ሲፈጭ ዱቄቱ ደረቱ ውስጥ ገባና አስም ሆነበት። ሲነሳበት ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሲር ሲር የሚለው ትንፋሹ ጓዳ ድረስ ይሰማል። እናቴ ጀርባውን እያሻሸች ትጸልያለች። ኪኒን ይሰጡታል፣ መርፌ ይወጉታል፤ የሚያሽለው ግን በአፍ የሚሳበው መድኃኒት ብቻ ነበር፤ ያቺ ጣት የምታህል ቆርቆሮ፣ ሲጫኗት ፍስስ የምትለዋ። እሷ ደግሞ በዚያን ጊዜ የለችም። ስኳር የለም፣ ሳሙና የለም፣ እሷም የለችም። አንድ የአሰብ ሾፌር አንዴ አምጥቶለት እስክታልቅ ድረስ እንደ ጎረምሳ ሆኖ ከረመ። ካለቀች በኋላም አልጣላትም፤ ባዶዋን ኪሱ ውስጥ ይዟት ይዞር ነበር።

ስለዚህ የትምህርት ቤታችን የኪነት ቡድን ጅቡቲ ሊሄድ ነው ሲባል፣ ጓደኞቼ ስለ ጂንስና ስለ ሽቶ ሲያወሩ እኔ የማስበው ስለ ቆርቆሮዋ ነበር። የጋበዙን እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። እንዴት እንደተፈቀደልን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሶደሬ ለሽርሽር ስንሄድ እንኳ ኬላ ላይ ወርደን የምንፈተሽበት ዘመን ነው። እያንዳንዳችን ተመልሰን ለመምጣታችን ዋስ አምጡ ተባልን። የእኔ ዋስ አባቴ ነበር። ቀበሌ ሄዶ «ልጄን አውቃታለሁ» ብሎ ፈረመ። ብቀር የሚታሰረው እሱ ነው፤ የሚታሰርበት ቤት ደግሞ ጤነኛ ሰው እንኳ የማይተነፍስበት መሆኑን ናዝሬት ውስጥ የማያውቅ የለም።

ስነሳ ባዶዋን ቆርቆሮ ሰጠኝ። «ይቺን አሳዪያቸው፤ በፈረንጅ አፍ ተጽፎባታል፤ ያውቋታል» አለኝ። ከዚያ «ካጣሽም» ብሎ ጀመረና ሳሉ አቋረጠው። ሳሉ እስኪያልፍ ባቡሩ አይጠብቅምና ሮጥኩ።

ጉዞው የተበላሸው ገና ድሬዳዋ ላይ ነው። ባቡር ስንቀይር ከበሮው ቀረ። ከበሮ ያህል ነገር! እንደ ሰው ቦታ ይዞ የመጣ ዕቃ እንዴት ይረሳል? ከበሮ መቺው ተሸካሚው ላይ አላከከ፤ ተሸካሚው የክራር ተጫዋቹ ላይ፤ እሱ ደግሞ «አባባ ይሙቱ እኔ አላየሁትም» አለ። አባባ የሚለው አባቴን ነው። የሰፈሬ ልጅ ነበር፤ አጥራችን አንድ ነው። አባት ስላልነበረው ከልጅነቱ ጀምሮ የሚምለው በአባቴ ነው። እስክሪብቶ ጠፋ ሲባል «አባባ ይሙቱ አልወሰድኩም»፣ ፈተና ከበደ ሲባል «አባባ ይሙቱ ምንም አልሠራሁም»። አባቴ ይህን ሲሰማ «በቀን ስንቴ ትገድለኛለህ?» እያለ ይስቅበት ነበር።

ጅቡቲ ስንገባ ወበቁ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ተጠመጠመብን። ናዝሬትን ሞቃት እያልን ስናማ የኖርነው ለካ ውለታዋን ሳናውቅ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎልን፣ ሴቶቹ ባንድ ክፍል፣ ወንዶቹ በሌላ ገባን። አንዷ ተወዛዋዥ ገና ዕቃዋን ሳታወርድ አይስክሬም ፍለጋ ወጥታ ጠፋች። እሷን ፍለጋ የወጡት ሁለት ልጆች ራሳቸው ጠፉ፤ ሦስቱም የተገኙት ከመሸ ነው። የባህል ልብሱ የገባበት ሻንጣ ሲከፈት የአንድ ነጋዴ ሽንኩርት ሆኖ ተገኘ። መምህራችን፣ ጋሼ የምንላቸው፣ በንዴት ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮሁ፤ ከሁሉ በላይ የጮሁት እኔ ላይ ነው። እሳቸው ሁልጊዜም የሚጮሁት እኔ ላይ ነው፤ ምላሰኛ ነበርኩ።

ትርኢቱን በማግስቱ ማምሻውን ያሳየነው በፕላስቲክ በርሜል ነው። ከበሮ መቺው «በርሜል አልመታም፤ ክብሬን ይነካል» ብሎ እምቢ ስላለ፣ ከሰዓቱን በሙሉ ስለምነውና ስሰድበው ዋልኩ። በመጨረሻ መታ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ መብራት ጠፋ። የአዳራሹ ሰው ግን ናፍቆት የያዘው ሰው ነውና በጨለማ ራሱ ዘፈኑን ይዞልን ጨረሰው። ስንወጣ አንዲት የናዝሬት ሴት እጄን ይዛ እያለቀሰች ስለ ሰፈሯ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አትቀሪም እንዴ? ምን ልትሆኚ ትመለሻለሽ?» አለችኝ። ቀና ስል እንዲጠብቀን አብሮን የተላከው ካድሬ አጠገባችን ቆሟል። «አባቴ ይጠብቀኛል» አልኳት፤ እሱም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ያ ሁሉ ሲሆን መርዶው በባቡር ስልክ እየመጣ ነበር። ከእድራችን አባላት አንዱ የናዝሬት ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ናዝሬት ለአዋሽ፣ አዋሽ ለድሬዳዋ፣ ድሬዳዋ ለጅቡቲ፣ ጣቢያ ለጣቢያ እየተቀባበሉ አደረሱት። «አባቷ አርፈዋል፤ እንዳትነግሯት፤ አምጧት» የሚል ነው። ለጋሼ ተነገረ፤ ጋሼ ለካድሬው ነገሩት፤ ከዚያ ለልጆቹ። መርዶ በሰው አገር፣ በመንገድ ላይ አይነገርም። ሰው ቤቱ ገብቶ፣ እህል ቀምሶ፣ ሲነጋ፣ ሽማግሌ ባለበት ነው። ያንን ሻንጣ ለመጠበቅ ያልቻሉ ልጆች ይህን ደንብ ግን ጠበቁት። ደግ አደረጉ የሚሉኝ አሉ። እኔ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ደንቡ ራሱ ያናድደኛል።

ያን ማታ እጄን ታጥቤ እራት የምንበላበት ክፍል ስገባ ወሬው ቀጥ አለ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ያን ዘመን ያላየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ስትገባ ሰው ጸጥ ካለ ተጠቁመሃል ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። ለእኛ ሞት እንኳ መጀመሪያ የሚታሰበው በዚያ በኩል ነበር፤ ዝምታ ሲመጣ ማን ሞተ አንልም፣ ማን ሊታሰር ነው እንላለን። እኔም ወዲያው ገባኝ። ያቺ ሴት ያለችኝን ካድሬው ሰምቷል፤ ልትቀር ነው ብሎ ጽፎብኛል፤ ድንበር ላይ ይወስዱኛል። አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ይህንኑ አጸናልኝ። ጋሼ «ልጄ» ይሉኝ ጀመር። እሳቸው፣ እኔን! «ልጄ፣ በልተሻል?» አሁን በላሁ እላለሁ፤ ከደቂቃ በኋላ ደግሞ ይጠይቃሉ። የክፍል ጓደኛዬ፣ የአርሲ ነገሌ የእህል ነጋዴ ልጅ፣ ሳምቡሳ ገዝታ በግድ ታጎርሰኛለች። እንቢ ስላት «ብዪ፤ ሰውነትሽ ይጠንክር» ትላለች። ለምን እንዲጠነክር እንደፈለገች በልቤ አውቄዋለሁ፤ እስር ቤት ምግብ የለምና። ካድሬው ደግሞ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ካድሬ ወንበር ከለቀቀልሽ ጉድሽ ፈልቷል።

በማግስቱ ጠዋት ፋርማሲ ልሂድ ብዬ ጠየቅሁ። ይከለክሉኛል ብዬ ነበር። ጋሼ ባዶዋን ቆርቆሮ ከእጄ ተቀብለው ትንሽ አዩዋትና «ሁላችሁም አብራችኋት ሂዱ» አሉ። ሁሉም ተነሳ። ጂንስ የሚገዛው ጂንሱን ትቶ፣ ያ በርሜል አልመታም ያለው እንኳ ሳይቀር ተከተለኝ። እኔ ጥበቃ መሆናቸው ነው አልኩ። በየመንገዱ ከኋላዬ እንደ ሎሌ ሲንጋጉ አንዱም አይቀልድም። እኔ ብቻ ነኝ የምለፈልፈው፤ ስፈራ እለፈልፋለሁ።

ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ማንም የለም። የመጀመሪያው ባለፋርማሲ ቆርቆሮዋን አይቶ የለም በማለት ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛው ፋርማሲ ያለችው ሴት ቆርቆሮዋን ገልብጣ አየች፤ ጽሑፉ ተፋፍቆ ስለነበር አልገባትም። ክራር ተጫዋቹን «አንተ ተዋናይ ነኝ ትል የለም? አባባ ሲታፈን እንዴት እንደሚሆን አሳያት» አልኩት። አባቴን ከእኔ እኩል ያውቀዋል። ግድግዳውን ተደገፈ፤ ትከሻውን ከፍ ዝቅ አደረገ፤ ልክ እንደ እሱ፣ ሲር ሲር እያለ። ሳቄ መጣ፤ በጣም አስመስሎት ነበር። ከዚያ መሐል ላይ ተወው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ቆመ። «ምን ነካህ? ጨርሰው እንጂ» ብዬ ተቆጣሁት። ሴትዮዋ በሽተኛው እሱ መስሏት ሮጣ ውሃ አመጣችለት። ወንበርም ሰጠችው። ጠጣ። ጓደኛዬ ውጪ ወጣች።

ከዚያ ጫት ገባና ከተማው ተዘጋ። ጅቡቲ እንዲህ ናት፤ እኩለ ቀን ላይ ሱቁም ፋርማሲውም ይዘጋል፤ እስኪበርድ ማንም አይከፍትም። ሌሎቹ ደክሟቸው ይመለሳሉ ብዬ ነበር፤ አንዱም አልሄደም። አንድ በረንዳ ስር መሬት ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። «አባቴን ካወቃችሁ ዕቃ በወቅቱ ካላመጣህለት ይኮርፋል» እያልኩ ወሬ አመጣሁ። «ባዶ እጄን ብመለስ ምን እለዋለሁ?» አልኩ። በኋላ ከእናቴ እንደሰማሁት አባቴ የተቀበረው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ እኛ እዚያ በረንዳ ላይ ፋርማሲ እስኪከፈት በምንጠብቅበት ሰዓት ነው።

ሲከፈት አንድ ሽማግሌ የመናዊ ፋርማሲ ውስጥ አገኘናት። ሽማግሌው ቆርቆሮዋን ገና ሲያይ በእሺታ ራሱን ነቅንቆ ከመሳቢያ አዲስ አወጣ። ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ዘለልኩ፤ ጓደኛዬ አንገት ላይ ተጠመጠምኩ። «አገኘኋት፤ አየሽ፤ አገኘኋት» አልኳት። እሷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አይ የልጅ ነገር፣ ለእኔ ደስታ ታለቅሳለች ብዬ ወደድኳት።

ማምሻውን ፕሮግራሙ አጠረ፣ ነገ እንመለሳለን ተባለ። የቀረ ትርኢት ነበረን፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ምክንያቱ እኔ መሆኔን አውቄዋለሁ። ጠዋት ጣቢያ ስንሄድ ሁሉም የገዛውን ልብስ በላይ በላዩ ደርቦ ለብሷል፤ ፊናንስ የሚባለው የጉምሩክ ፖሊስ እንዳይወስድበት። አንዱ በዚያ ወበቅ ሦስት ጂንስ ለብሶ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት ባቡሩ ላይ ሁለት ሰው አንስቶ ጫነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለወር የሚበቃኝ ሳቅ ነበር። አልሳቅሁም። እኔ የምቆጥረው የድንበሩ ጣቢያ ደወሌ እስክንደርስ የቀረውን ጣቢያ ነው።

ክራር ተጫዋቹን በመስኮቱ በኩል አጠገቤ አስቀመጥኩት። መድኃኒቷን በመሐረብ ጠቅልዬ ሰጠሁት።

«ስማ፤ ደወሌ ላይ ከወሰዱኝ ይህን ለአባባ ታደርስልኛለህ» አልኩት።

«ማን ነው የሚወስድሽ?»

«አታሞኘኝ። ሁላችሁም የምታውቁትን አውቄዋለሁ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ምኑን አወቅሽ?» አለ።

«ልታሰር መሆኑን ነዋ።»

ዓይኑን ከእኔ አነሳና መሐረቡን ያይ ጀመር።

«በእጁ ነው የምትሰጠው» አልኩት። «ለእናቴ አይደለም፣ ለማንም አይደለም፤ በእጁ። ማልልኝ።»

«እሺ።»

«እሺ በል አላልኩህም። ማል። አባባ ይሙቱ በል።»

በቀን ሃያ ጊዜ የሚላት ቃል ናት። አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም። እንደገና «በል እንጂ» አልኩት። በመጨረሻ «እናቴ ትሙት» አለ፤ ድምፁ ተሰብሮ። እናቱን ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ያለችው እሷ ብቻ ስለሆነች በእሷ አይምልም። እኔ ግን ተናደድኩ። «አባባን ምነው? የእስረኛ ዋስ የሆነን ሰው ስም መጥራት ፈራህ?» አልኩት። ጀርባዬን ሰጠሁትና እስከ ድንበር አላናገርኩትም።

ደወሌ ላይ የፊናንስ ፖሊሱ ገባና ሦስት ጂንስ የለበሰውን ልጅ ቆሞ ያራግፈው ጀመር። ጩኸት፣ ልመና፣ ሳቅ ሆነ። ከዚያ መሐረቡን አገኘ። «ይህ ምንድን ነው? መድኃኒት ማስገባት ክልክል ነው» ብሎ ወደ ኪሱ ሲከተው ራሴን ረሳሁ። «የአባቴ ነው፤ እኔን ውሰድ፤ እሱን መልስ» አልኩ። ካድሬው ተነሳ። ፖሊሱን በክንዱ ይዞ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ፖሊሱ አየኝ። ባርኔጣውን አወለቀ። መሐረቡን ለክራር ተጫዋቹ መለሰና፣ የፊናንስ ፖሊስ፣ «አይዞሽ እህቴ» ብሎኝ ወረደ። በቃ፣ ናዝሬት ላይ ነው የሚይዙኝ ማለት ነው፣ ይህም አውቆ አዘነልኝ አልኩ።

በማግስቱ ናዝሬት ስንደርስ ገና አልመሸም ነበር። ወደ ቤቴ ስዞር ጋሼ «ዛሬ እዚህ እደሪ፤ ነገ ትሄጃለሽ» ብለው ጓደኛዬ ወደ ተከራየችው ቤት ወሰዱኝ። አባቴ እኮ ይጠብቀኛል አልኳቸው። «ነገ፣ ልጄ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከቤታችን የሁለት ሰፈር መንገድ ላይ ሆኜ መሄድ አልቻልኩም። እራት በላሁ፤ ሁሉም ቆመው ስበላ አዩኝ። ጓደኛዬ አልጋ ላይ አቅፋኝ ተኛች። ልታመልጥ ትችላለች ብለዋት ነው አልኩ፤ እሷንም በልቤ ሰደብኳት።

ሊነጋጋ ሲል የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። መጡ። ተነስቼ ወፍራሙን ሹራቤን ለበስኩ፤ እስር ቤት ሲሚንቶው ይበርዳል ይባል ነበር። ጫማዬን አሠርኩ። በሩ ሲከፈት የቆሙት የቀበሌ ጠባቂዎች አይደሉም። የእድራችን ዳኛ፣ አጎቴ፣ የሰፈራችን ሴቶች ናቸው፤ ጠመንጃ የያዘ የለም። «ተመስገን» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፤ ከልቤ። ሁሉም ሰሙኝ። እጅግ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሴቶቹ ገለል ሲሉ እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ማንም ቤት የሚሆነው ነው፤ አላወራውም።

ክራር ተጫዋቹ ከሠልስቱ በኋላ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ወደ እኔ መጣ። ራሱ አባት እንደሞተበት ሰው ጥግ ላይ ሲያለቅስ የሰነበተ ልጅ ነው። የምለው ብዙ ነበረኝ፤ ለቀናት ስሰበስበው የሰነበትኩት ስድብ ነበረኝ። እሱ ግን ፊቴ መጥቶ ቆመና መሐረቡን አወጣ።

«ለሌላ ሰው ልሰጠው ፈልጌ ነበር» አለኝ። «ታች ሰፈር አንዲት ባለ አስም አሉ። አልቻልኩም። በአባባ እጅ ብለሽኝ በእናቴ ምያለሁ። እናቴ ደግሞ አንድ ናት።» ከዚያ ዓይኔን አየና ጠየቀኝ። «የት ልውሰደው?»

ለሴትዮዋ ሰጥተህ ና፣ ምን ችግር አለው ልለው ፈለግሁ፤ አፌ እንቢ አለኝ። ሰዎች ያዩናል። ፈቀቅ ብዬ አጠገቤ ቦታ ለቀቅሁለትና ተቀመጠ። መሐረቡ ጉልበቱ ላይ እንዳለ፣ የት እንደሚወሰድ ሳናውቅ ዋልን።